ስለ ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ደሴ ላይ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ያረፉት ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. ነው። ደሴ ላይ የሥዕል ነገር ሲነሳ ዛሬም ስማቸው ይጠራል። ሥራቸውን የሚያሳንሱ ወሬዎችም አብረው ይነሳሉ፤ እነሱን እያነሳሁ ላቅና።

«የሰው ምስል መሣልን ከአውሮፓ ነው ይዘውት የመጡት»

ከሁሉም የሚከነክነኝ ይኼ ነው፤ ወሎ ተቀምጦ እንዴት እንዲህ ይባላል? ላሊበላ ቤተ ጎልጎታ ውስጥ ከዓለቱ ራሱ የተፈለፈሉ ቅዱሳን የሰው ቁመት ሊያህሉ ምንም ሳይቀራቸው ግድግዳው ላይ ቆመዋል። ቤተ ማርያም በር ላይ ደግሞ ፈረሰኞች ተቀርጸዋል። ትንሽ ራቅ ብላ ያለችው ገነተ ማርያም በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተሣሉ ሥዕሎች አሏት፤ የአፄ ይኩኖ አምላክ ምስልም እዚያው ግድግዳ ላይ ይገኛል። የእኛ ሰው የሰው ምስል ሲሥል ስንት መቶ ዓመቱ ነው!

ሎሬቱም ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። አውሮፓን ሲዞሩ የተመለከቱት የአውሮፓን ሥዕል ብቻ አልነበረም። በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የሚገኙ በሥዕል ያጌጡ የኢትዮጵያ ብራናዎችን አጥንተዋል።

«ከልጅነታቸው ሥዕል እንዲማሩ ነው የተላኩት»

አይደለም። አንኮበር ተወልደው በ15 ዓመታቸው ወደ እንግሊዝ የሄዱት የማዕድን ምህንድስና ሊማሩ ነበር። ዝንባሌያቸው ታይቶ ወደ ሥዕል ዞሩ፤ ከዚያም ለንደን በሚገኘው ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሩ።

«የንጉሡ ሠዓሊ ነበሩ፤ ከ1966 በኋላ አበቃላቸው»

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጥበብ ሽልማት መቀበላቸው እውነት ነው። ሥራቸው ግን ከዘውዱ ጋር አልወረደም። በራሳቸው እጅ የሣሉት የራሳቸው ምስል ፍሎረንስ ወደሚገኘው ኡፊዚ ሙዚየም የገባው እ.ኤ.አ. በ1981፣ በደርግ ዘመን ነው።

«ሠዓሊ ብቻ ነበሩ»

ሐረር የነበረውን የራስ መኮንን ሐውልት የሠሩት እሳቸው ናቸው። ሐውልቱ ሰኔ 2012 ዓ.ም. ላይ ፈረሰ፤ ያሳዝናል።

«የሰው ምስል መሣል እንደ ፎቶ መገልበጥ ነው»

ይህን የሚል ሰው አዲስ አበባ በሚገኘው የአፍሪካ አዳራሽ ሎሬቱ የሠሩትን ባለቀለም የመስታወት ሥዕል ልብ ብሎ አላየም። 150 ካሬ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ በሦስት ክፍል የአፍሪካን መከራ፣ ትግልና ተስፋ ይተርካል። ችቦ የያዙ ሰዎችን እዩ። ሸራ ላይ ቀለም በቀለም እያለሰለሱ ጉንጭን ማክበብ ይቻላል። እዚህ ግን ፊትም ልብስም የሚወጣው ከተለያዩ ባለቀለም መስታወቶች ነው። ስለዚህ ሠዓሊው የቱን መስመር ትቶ የቱን እንደሚይዝ አስቀድሞ መወሰን አለበት። የቀረውን ብርሃን ይሠራዋል፤ ፀሐይ ቦታዋን በቀየረች ቁጥር የቀለሞቹ ድምቀትም ይለወጣል። ካሜራ የሚገለብጠው ነገር አይደለም። ይህ ውሳኔ የጎልጎታን ቅዱሳን ከዓለት የፈለፈሉት ሰዎችም የገጠማቸው ነው፤ ከድንጋዩ አንዴ የተነሳው ተመልሶ አይገባም።

አዳራሹ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። አዲስ አበባ የሚወርድ የእኛ ልጅ ዕድሉን ካገኘ ቆም ብሎ ይየው፤ ቤተ ጎልጎታን ወይም ገነተ ማርያምን አስቀድሞ ያየ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይገባዋል።