ጎርጎራ ዳር ቁጭ ብሎ መሳል

የሚሳለውን ነገር ደጅ ወጥቶ፣ ፊት ለፊት እያዩ መሳል ፈረንሳዮች «ፕሌን ኤር» ይሉታል። ስልቱ የገነነው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ትልቁን እገዛ ያደረገለት ትንሽ ዕቃ ነው፤ የቀለም ቱቦ። እ.ኤ.አ. በ1841 ጆን ጎፍ ራንድ የሚባል አሜሪካዊ ሠዓሊ የፈጠራ መብት አወጣበት። ከዚያ በፊት የዘይት ቀለም የሚያዘው በአሳማ ፊኛ ተቋጥሮ ነበር፤ ያንን ይዞ ገደል ለገደል መዞር እንዴት እንደሚያስቸግር አስቡት። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኡጄን ቡደን በሰሜን ፈረንሳይ ያለውን የኖርማንዲን ባሕር ከነሰማዩ ሲስል ኖረ፤ ወጣቱን ሠዓሊ ክሎድ ሞኔን ወደ ደጅ ያወጣውም እሱ ነው። ሞኔ በኋላ እዚያው ኖርማንዲ ባሕር ዳር ያሉትን የኤትሬታን ገደሎች እየተመላለሰ ሳላቸው።

ጎንደር ደግሞ ጣና አላት። በቆላ ድባ በኩል 60 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ ጎርጎራ ትደርሳላችሁ።

ጎርጎራ የሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ ነው። ስለዚህ ውሃውን ስታዩ ፊታችሁ ወደ ደቡብ ነው፤ ፀሐይ በግራችሁ ወጥታ በቀኛችሁ ትገባለች፣ ከመስከረም እስከ መጋቢት ደግሞ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል እኩለ ቀን ላይ ነጸብራቁ ከውሃው እየተነሣ ዓይን ያጭበረብራል። ጥሩው ሰዓት ጠዋት ነው። ጥላው ረጅም ነው፣ ታንኳውና ደንገሉ ጎልተው ይታያሉ። ማታም ያምራል፣ ግን ቶሎ ይጨልማል፤ ቀለም እየቀላቀላችሁ ሳለ ሰማዩ ተለውጦ ታገኙታላችሁ። በጋ ላይ የውሃ ቀለም ቡሩሹን ሳታነሡ ይደርቃል፣ ክረምት ላይ አልደርቅም ይላል።

የጎንደር የቀድሞ ሥዕል ግን የቤት ውስጥ ሥዕል ነው። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ የመላእክት ፊት ሞልቶታል፤ እዚያው ጎርጎራም የደብረ ሲና ማርያም ግድግዳ በሥዕል ያጌጠ ነው። ሁለተኛው የጎንደር ስልት በሚባለው አሣሣል፣ ከቅዱሳኑ ጀርባ ያለው ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ የሚሄድ ቀለም ነው። እኔ ያንን ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ጣና ላይ የምትጠልቀው ፀሐይ ናት።

አሁን ደግሞ እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም አለ። ሐይቁ ላይ መግባቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ሰሜኑንና ሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ክፉኛ ጎዳው። አበባው ሐምራዊ ነው፣ ያምራል፤ ሥሩ ግን የዓሣ አጥማጁን መንገድ ይዘጋል። ሐይቁን የሚወድ ሠዓሊ እሱንም ሊስለው ይገባል እላለሁ፤ ያሳዝናል ብሎ መዝለል ልክ አይመስለኝም። አረንጓዴውን ከደንገሉ አረንጓዴ ለመለየት ትንሽ ዓይን ይፈልጋል፤ ደንገሉ ወደ ቢጫ ያደላል፣ የእምቦጩ ቅጠል ግን ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ነው።