አንቀጽ 377 ምንድን ነው?

አንቀጽ 377 እንግሊዞች ህንድን ሲገዙ በ1860 (ቀኖቹና ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ካወጡት የወንጀል ሕግ አንቀጾች አንዱ ነበር። “ከተፈጥሮ ሥርዓት ውጭ” የሆነ የግብረ ሥጋ ግንኙነትን እስከ ዕድሜ ልክ እስራት ያስቀጣ ነበር። ምን ማለት እንደሆነ ግን አይተረጉምም ነበር። ሰዎቹ ተስማምተው ይሁን አንዱ ተገዶ፣ እሱንም አይለይም ነበር።

የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2009 “አዋቂዎች ተስማምተው በግላቸው የሚያደርጉት ወንጀል አይደለም” አለ። በ2013 ግን የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። አንዱ ምክንያቱ፣ ከ150 ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ በዚህ አንቀጽ የተከሰሱት፣ በታተሙት ፍርዶች መሠረት፣ ከ200 ያነሱ ናቸው የሚል ነበር። እኔን እስካሁን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሕጉ ሰው የሚጎዳው በክስ ብቻ አልነበረማ! ፖሊስ “377 አለልህ” ብሎ ገንዘብ ይቀበል ነበር፣ የተደበደበ ጌይ ወይም ትራንስጀንደር ደግሞ ክስ ለመመሥረት ጣቢያ ቢሄድ እሱው ተጠርጣሪ ሆኖ እንዳይቀር ስለሚፈራ ዝም ይል ነበር። በ2001 ላክናው ከተማ ውስጥ ስለ ኤችአይቪ መከላከል የሚያስተምሩ ሠራተኞች በዚሁ አንቀጽ ተይዘው ከአንድ ወር በላይ ታስረዋል። ኮንዶም ለሚያድሉ ሰዎች!

በመጨረሻ መስከረም 6 ቀን 2018 አምስት ዳኞች በአንድ ድምፅ፣ አዋቂዎች ተስማምተው የሚያደርጉትን ከወንጀልነት አወጡት። ዳኛ ኢንዱ ማልሆትራ ታሪክ ለእነዚህ ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው የይቅርታ ዕዳ አለበት ብለው ጻፉ።

አንቀጹ ህንድ ውስጥ ብቻ አልቀረም። ፓኪስታን፣ ባንግላዴሽና ማሌዥያ ከነቁጥሩ ወርሰውታል። የኬንያ ሕግም “ከተፈጥሮ ሥርዓት ውጭ” የሚለውን ቃል ይዟል፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2019 አልሽርም ብሏል። ቦትስዋና በዚያው ዓመት ሻረች፣ ሲንጋፖር በ2022። እንግዲህ “የተመሳሳይ ፆታ መብት ከምዕራብ የመጣ ነው” ሲባል ስሰማ፣ ከለንደን የመጣው ክልከላው መሆኑን ማን ይንገራቸው እላለሁ። እንግሊዝ ራሷ በ1967 ማላላት ጀምራለች። (የኛ ሀገር ክልከላ ከእንግሊዝ የተወረሰ አይደለም፤ በኛ አቆጣጠር የ1949 ዓ.ም. ሕግ በስዊዘርላንዳዊ ምሁር ተረቅቆ በኛው መንግሥት የወጣ ነው። ዛሬም የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 ያስቀጣል።)

ወንጀል አለመሆን ማለት ግን እኩል መሆን ማለት አይደለም። በ2023 የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች ጋብቻ አልፈቀደም። በሐምሌ 2024 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ደግሞ 377ን ጨርሶ ትቶታል። ይህ ጥሩ ይመስላል፤ ግን ከ2018 በኋላ አንቀጹ ለአንድ ነገር ያገለግል ነበር፣ ተገዶ የተደፈረ ወንድ የሚከስበት እሱ ነበር። በአዲሱ ሕግ አስገድዶ መድፈር የተጻፈው ተጎጂዋ ሴት ስትሆን ብቻ ነው። ስለዚህ አዋቂ ወንድ ቢደፈር በመደፈር የሚከስበት አንቀጽ የለውም፣ ፓርላማው ይህን ክፍተት መሙላት አለበት።