የእንግሊዝ መኳንንት፣ ማዕረግና ፓርላማ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የእንግሊዝ መኳንንት ወሬ በተነሣ ቁጥር አንድ ነገር ይደጋገማል፦ «የሎርድ ልጅ ሎርድ ነው፤ ሎርድ ደግሞ የሚቀመጠው የሎርዶች ምክር ቤት ነው፤ ሕዝብ ሊመርጠው አይችልም።» ይህን ማስተካከል ይሰለቻል፤ ግን ይስተካከል።

አንድን ማዕረግ በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው። አባቱ ዱክ፣ ማርኲስ ወይም ኧርል (ሦስቱ ከፍተኛ ማዕረጎች) ሆኖ በሕይወት እስካለ ድረስ፣ የበኩር ልጁ ከአባቱ ዝቅተኛ ማዕረጎች አንዱን ለመጠሪያ ይዋሳል። የዱክና የማርኲስ ታናናሽ ወንዶች ልጆችም በስማቸው ፊት «ሎርድ» ይባላሉ። ልጅ እንዳልካቸው መኮንን «ልጅ» የተባሉት በትውልዳቸው እንጂ በሹመት አልነበረም፤ ይህም እንደዚያው ነው። በሕግ ፊት ሰውየው ተራ ዜጋ ነው፤ ይመርጣል፣ ይመረጣል። ሎርድ ኖርዝ ከ1770 እስከ 1782 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ የተቀመጡት ሕዝብ በሚመርጠው በታችኛው ምክር ቤት ነበር፤ ኧርሉ አባታቸው ገና በሕይወት ነበሩና። ዊንስተን ቸርችል ደግሞ የዱክ የልጅ ልጅ ቢሆኑም ከታናሽ ልጅ ስለተወለዱ የመጠሪያ «ሎርድ»ነት እንኳ አልደረሳቸውም።

ችግሩ የሚመጣው አባት ሲሞትና ማዕረጉ የእውነት የልጁ ሲሆን ነው። የታችኛው ምክር ቤት አባል የነበሩት የቶኒ ቤን አባት፣ ቫይካውንት (ከኧርል ቀጥሎ ያለ ማዕረግ) ስታንስጌት፣ በ1960 ሲሞቱ ልጅየው የፓርላማ ወንበራቸውን አጡ። የብሪስቶል ደቡብ ምሥራቅ መራጮች በ1961 መልሰው መረጧቸው፤ የምርጫ ፍርድ ቤት ግን ወንበሩን ለተሸናፊው ሰጠ። ማዕረግን መተው የፈቀደው የ1963ቱ ሕግ ነው።

«ታዲያ ሲያሻው ይተወዋል» የሚል ካለም ይጠንቀቅ። የመተዊያ ሰነዱ ለሎርድ ቻንስለሩ መድረስ ያለበት ከውርሱ በኋላ በ12 ወር ውስጥ ነው፤ ወራሹ የታችኛው ምክር ቤት አባል ከሆነ ግን እስከ 1999 ድረስ የነበረው ጊዜ አንድ ወር ብቻ ነበር። ያኔ ወደ ሎርዶች ምክር ቤት ለመግባት የጥሪ ደብዳቤ ከጠየቀም ዕድሉ ያከትም ነበር። የተፈረመ አይሻርም፤ የሚስቱ ማዕረግም አብሮ ይሄዳል። ወራሹን ግን አይነካም፦ ቤን በ2014 ሲያርፉ ልጃቸው ስቲቨን ሦስተኛው ቫይካውንት ሆኑ። ኧርል ኦቭ ሆም በጥቅምት 1963 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ከተሾሙ ከአራት ቀን በኋላ ማዕረጋቸውን ትተው፣ በኅዳር 7 እ.ኤ.አ. እስኪመረጡ ድረስ አገሪቱን የመሩት የየትኛውም ምክር ቤት አባል ሳይሆኑ ነው።

የቀሩት በአጭሩ፦

«ባሮኔት ሎርድ ነው።» አይደለም። ማዕረጉ የሚወረስ ቢሆንም «ሰር» ይባላል፤ የሎርዶች ምክር ቤት ወንበር ኖሮትም አያውቅም።

«የማደጎ ልጅ ይወርሳል።» ማዕረጉን አይወርስም።

«በስኮትላንድ ቁራጭ መሬት የገዛ ሎርድ ይሆናል።» የሚደርሰው የምስክር ወረቀት ለግድግዳ ጌጥ ነው፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

«ማዕረጉን ያልተወ ዛሬም አይመረጥም።» የ1999ኙ ሕግ ከ92ቱ በቀር ወራሽ ሎርዶችን ከምክር ቤቱ ሲያስወጣ፣ ለተወገዱት የታችኛውን ምክር ቤት በር ከፈተላቸው። ቫይካውንት ተርሶ በ2001 ከሰሜን ስኮትላንድ ተመርጠው የገቡት ማዕረጋቸውን ሳይተዉ ነው።