ኮርድ ስንመታ ቀኝ እጃችንን የሚያስሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጊታር የሚለማመድ ሰው ሐሳቡ ሁሉ ግራ እጁ ላይ ነው። የትኛው ጣት የትኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በብረት ዘንግ የተከፈለ ቦታ) ላይ ይረፍ፣ ኤፍ ኮርድ (ኮርድ አብረው የሚሰሙ ኖታዎች ናቸው) ለምን እምቢ አለኝ፣ ጣቴን ለምን ያመኛል። ቀኝ እጁን ግን «ቀስ በቀስ ራሱ ይለምዳል» ብሎ ይተወዋል። እኔ ኮርድ የማያምርበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ቀኝ እጅ ነው ባይ ነኝ። ሪትሙን የሚይዘው እሱ ነው። ስለ ቀኝ እጅ ሲነገሩ የምንሰማቸው አንዳንድ ነገሮች ደግሞ ጭራሽ ያደናቅፋሉ። (የምትመቱት በግራ ከሆነ ቀኝ ያልኩትን ግራ እያላችሁ አንብቡ።)

«ፒክ እንዳያመልጥ ጠበቅ አድርጎ መያዝ ነው»

ጣት ሲጨብጥ የእጅ አንጓ ይደርቃል። አንጓ ሲደርቅ ፒኩ (ክር የምንመታበት ትንሽ ስስ ቁራጭ) ክሮቹን ዳስሶ አያልፍም፣ ይጋጫቸዋል። ድምፁም ይሻክራል። ሌባ ጣታችሁን አጠፍ አድርጉ፣ ፒኩን ጎኑ ላይ አስተኙት፣ አውራ ጣታችሁን ከላይ ጫን አድርጉበት። ጫፉ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ብቅ ይበል። በሌላኛው እጅ ስትስቡት ትንሽ ታግሎ የሚወጣ ከሆነ ልክ ነው። ጨርሶ አልወጣም ካለ አብዝታችኋል። ፒክ እየተመታ መሀል ላይ ትንሽ ቢዞር አትደንግጡ። በአውራ ጣት ወደ ቦታው መመለስ በልምምድ ይመጣል።

«ጉልበቱ የሚመጣው ከትከሻ ነው»

ክንድን ሙሉ ማወዛወዝ ቶሎ ያደክማል፣ ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ አያስኬድም። ዋናው እንቅስቃሴ የክንድ ዞር ማለትና የአንጓ ልል መሆን ነው። እጃችሁን ታጥባችሁ ውሃውን ስታራግፉ የምታደርጉት ዓይነት። ትከሻችሁ ወደ ላይ መነሳቱን ካያችሁ ቆም ብላችሁ ዝቅ አድርጉት።

«ኮርድ ማለት ስድስቱንም ክር መምታት ነው»

ለኢ እና ለጂ ኮርድ እውነት ነው። ለብዙዎቹ ግን አይደለም። ዲ ሜጀርን ውሰዱ። ኖታዎቹ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ እና ኤ ናቸው። ስድስተኛው፣ ወፍራሙ ክር ደግሞ ኢ ነው። ኮርዱ ውስጥ የለም። እሱን ጨምራችሁ ስትመቱ ከሥር የሚያጉረመርም ድምፅ የሚሰማችሁ ለዚህ ነው። ዲ ከአራተኛው ክር ይጀምራል፣ ኤ እና ሲ ከአምስተኛው። በኤ እና በሲ ስድስተኛው ክር ቢመታ ከኮርዱ ኖታ አይወጣም፣ ግን የኮርዱን መነሻ ኖታ ይሸፍነዋል።

«እሺ፣ እየፈጠንኩ አንድ ክር እንዴት ልዝለል?» ትሉ ይሆናል። ቀኝ እጅ ብቻውን አይጨነቅ፣ ግራ እጅ ያግዘው። ዲ ስትይዙ የግራ አውራ ጣታችሁን ጫፍ ከአንገቱ በላይ ብቅ አድርጉና ስድስተኛውን ክር በስሱ ንኩት። አትጫኑት። ፒኩ ቢያገኘው እንኳ «ቱክ» ይላል እንጂ አይጮኽም። ሲ ላይ ደግሞ አምስተኛውን ክር የያዘው የቀለበት ጣት ጫፉን ትንሽ ወደ ላይ ገፋ ቢያደርግ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ወደ ላይ ስትመቱማ ስድስቱን ክር መፈለግ ጨርሶ አያስፈልግም። ሁለት ሦስት ቀጫጭን ክሮች ይበቃሉ። ወደ ላይ የሚሄደው ምት ቀለል ሲል ነው ሪትሙ የሚተነፍሰው።

«ግራ እጅ ኮርድ እስኪቀይር ቀኝ እጅ ይጠብቅ»

ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ይሄኛው ነው። ከሲ ወደ ጂ ስንሄድ ጣቶቹ ቦታቸውን እስኪይዙ ቀኝ እጅ አየር ላይ ይቆማል። ዘፈኑም ይቆማል። አድማጭ የተሳሳተ ኖታ ሊያልፈው ይችላል፣ የተቋረጠ ሪትም ግን ወዲያው ይሰማዋል።

ነገሩ መገላበጥ አለበት። ቀኝ እጅ አይቆምም፣ ግራው ይድረስበት። «አንድ እና ሁለት እና ሦስት እና አራት እና» ብላችሁ ቁጠሩ። በቁጥሩ ላይ እጅ ወደ ታች፣ በ«እና» ላይ ወደ ላይ። ሁልጊዜ። ሪትሙ ምት የማይፈልግበት ቦታ ላይ እንኳ እጃችሁ ይሂድ፣ ክሩን ሳይነካ ብቻ ይለፍ። እንዲህ ሲሆን የትኛው ምት ወደ ታች፣ የትኛው ወደ ላይ እንደሆነ መሸምደድ ይቀራል። እጁ ያለበት ቦታ ይነግራችኋል።

መቀየሪያው ጊዜ ደግሞ የመጨረሻው «እና» ነው። እዚያ ላይ የግራ ጣቶቻችሁን አንሱ፣ ቀኝ እጅ ባዶውን ክር ወደ ላይ ይምታ፣ በሚቀጥለው «አንድ» ላይ አዲሱ ኮርድ ይረፍ። ባዶው ክር ለቅጽበት መሰማቱ አያበላሽም። ልምድ ያላቸው ጊታሪስቶችም ያደርጉታል። በዝግታ ስታዩት ግልጽ ነው፣ በፍጥነት ግን ማንም አያስተውለውም።

«ወፍራም ፒክ የባለሙያ ነው»

ውፍረት የደረጃ ጉዳይ አይደለም፣ የሥራ ነው። ከ0.5 እስከ 0.7 ሚሊሜትር ያለው ስለሚተጣጠፍ ኮርድ ለመደርደር ይመቻል። ከ1 ሚሊሜትር በላይ ያለው አንድ አንድ ኖታ ለመልቀም ጥሩ ነው። የሚመቻችሁን ያዙ።

«በጣት ሲለቀም ጣቶች ክር ማሳደድ አለባቸው»

አርፔጂዮ (የኮርድን ኖታዎች አንድ በአንድ መልቀም) የሚከብደው እንዲህ ሲታሰብ ነው። ለየጣቱ ቤት ስጡት። ሌባ ጣት ሦስተኛውን ክር፣ የመሀል ጣት ሁለተኛውን፣ የቀለበት ጣት አንደኛውን ይያዝ። ሦስቱ ከቤታቸው አይወጡም። ኮርድ ሲቀየር የሚንቀሳቀሰው አውራ ጣት ብቻ ነው፦ ለሲ አምስተኛው ክር፣ ለዲ አራተኛው፣ ለጂ ስድስተኛው። ትልቅ ይመስል የነበረው ነገር አንድ ጣት ማዘዋወር ሆነ ማለት ነው።

«በዘፈኑ ፍጥነት ካልተለማመድኩ አልለምደውም»

እጅ የሚለምደው የደጋገመውን ነው፣ ስህተቱንም ጭምር። ሜትሮኖሙን (እኩል ምት የሚቆጥር መሣሪያ) በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርጉና በሁለት ኮርድ ብቻ ጀምሩ። ሳይንገዳገድ ሲሄድ 4 ወይም 5 ጨምሩ። ከተበላሸ መልሱት። በስልካችሁ ቅዱና ስታዳምጡ የግራ እጁን ስህተት ለጊዜው እርሱት። ወደ ታች የሚወርደው ምት ከሜትሮኖሙ ጋር እኩል ማረፉን ብቻ አዳምጡ።