የሴቶች የሰውነት ፀጉር በማኅበረሰብ ዓይን

በሴቶች ብብት፣ እግር፣ ክንድ፣ ፊትና ብልት አካባቢ የሚበቅለውን ፀጉር አንዱ ዘመን ልብ ሳይለው ያልፈዋል፣ ሌላው ነውር ያደርገዋል፣ ሌላው ደግሞ ያደንቀዋል። አካሉ ግን የትም አንድ ነው። ከመዳፍ፣ ከውስጥ እግርና ከከንፈር በቀር ቆዳችን በሙሉ ማለት ይቻላል ፀጉር ያበቅላል፤ ወደ 5 ሚሊዮን የሚገመተው የፀጉር ስርም በወንድና በሴት ተቀራራቢ ነው። በጉርምስና ወቅት አንድሮጅን የተባሉት፣ በተለምዶ «የወንድ» የሚባሉት ሆርሞኖች ሲጨምሩ ስሱና ፈዛዛው ፀጉር በአንዳንድ ቦታዎች ጠንከርና ጠቆር ይላል። አንድሮጅንን የሴትም አካል ያመርታል። የፀጉሩን ብዛት በአብዛኛው የሚወስነው ከወላጅ የሚወረሰው ነገር ስለሆነ፣ እግሯ ፀጉራም የሆነች ጤነኛ ሴት «ወንድ ትመስላለች» መባሏ ምንም መሠረት የለውም።

ፀጉር ማንሳት የቆየ ልማድ ነው። በጥንታዊ ግብፅ መቃብሮች ከመዳብና ከነሐስ የተሠሩ ምላጮች ተገኝተዋል፤ ካህናቱም ለንጽሕና ሲሉ መላ ሰውነታቸውን ይላጩ ነበር። ከ2000 ዓመት በፊት የኖረው ሮማዊ ባለቅኔ ኦቪድ ለሴቶች በሰጠው ምክር ብብታቸው እንዳይጠነባ፣ እግራቸውም በፀጉር እንዳይሻክር ያሳስባል። በእስልምና የብብትንና የብልት አካባቢን ፀጉር ማንሳት «ፊጥራ» ከሚባሉት የንጽሕና ሥርዓቶች አንዱ ሲሆን ከ40 ቀን በላይ እንዳይቆይም ተነግሯል። ይህ ትእዛዝ ለወንድም ለሴትም ነው፤ ሴቷን ብቻ ለይቶ አያሳፍርም። በሕንድ በተነሳው የሲክ እምነት ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ነው። የእምነቱ መሪ ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ በ1699 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኻልሳ የተባለውን ማኅበረ ምእመናን ካቋቋመ ወዲህ፣ የተጠመቀ ሲክ ወንድም ሆነ ሴት ፈጣሪ የሰጠውን ፀጉር አይቆርጥም።

በኢራን የፊት ፀጉርን በክር ማንሳት ለረጅም ጊዜ ልጃገረድን ካገባች ሴት የሚለይ ምልክት ነበር፤ ሙሽራዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን የምትነሳው ለሠርጓ ነበር። በዚያው አገር በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በቃጃር ነገሥታት ዘመን፣ በሴት የላይኛው ከንፈር ላይ የሚታይ ስስ ጺም የውበት መገለጫ ነበር። ሠዓሊዎችም ቆነጃጅቱን ከነጺማቸው ይሥሏቸው ነበር። በደቡብ ኮሪያ ደግሞ በብልት አካባቢ ፀጉር የሌላቸው ሴቶች አፍረው ከራስ ፀጉራቸው እየተወሰደ በቀዶ ሕክምና እስከማስተከል ደርሰዋል። አንዷ በመኖሩ፣ ሌላዋ ባለመኖሩ ታፍራለች።

ዛሬ በብዙው ዓለም የሚታየው ግፊት ግን ከእነዚህ ልማዶች የተወረሰ ብቻ አይደለም፤ ዋናው ምንጩ የቅርብ ጊዜ ነው። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1871 ሰው ፀጉሩ የሳሳው በተጓዳኝ ምርጫ፣ ማለትም ፀጉራቸው የሳሳ ተጓዳኞች በትውልዶች እየተመረጡ፣ እንደሆነ ከጻፈ በኋላ፣ ፀጉራምነትን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጎ ማየት በአውሮፓና በአሜሪካ ተስፋፋ። ከዚያም በፊት ቢሆን ጭካኔው ነበር። በ1834 በሜክሲኮ የተወለደችው ጁሊያ ፓስትራና ፊቷና ሰውነቷ በፀጉር የተሸፈነ በመሆኑ ብቻ እየተዘዋወረች ለትርዒት ትቀርብ ነበር። በ1860 ስትሞት እንኳ አላረፈችም፤ አስከሬኗ ከጨቅላ ልጇ ጋር ደርቆ ለተመልካች ቀረበ። ወደ ትውልድ አገሯ ተመልሳ በክብር የተቀበረችው በ2013 ነው። የሰውነት ፀጉር ቀላል የመዋቢያ ጉዳይ ብቻ ነው ለሚል ሰው ይህ ታሪክ በቂ መልስ ይመስለኛል።

ቀጥሎ ገበያው ገባ። የወንዶች ምላጭ ሻጭ የነበረው ጂሌት እ.ኤ.አ. በ1915 ለሴቶች ተብሎ የተሠራ የመጀመሪያውን መላጫ አወጣ። እጅጌ የሌለው ቀሚስ ፋሽን የሆነበት ጊዜ ስለነበር የማስታወቂያዎቹ ትኩረት ብብት ላይ ነበር። በ1920ዎቹ ቀሚስ ሲያጥር እግር ተራው ደረሰው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ የእግር ሹራብ ይሠራበት የነበረው ናይለን ለፓራሹት ሲውል ሹራቡ ጠፋና እግርን መላጨት በአሜሪካ የተለመደ ሆነ። ማስታወቂያው መጀመሪያ እፍረቱን ይፈጥራል፣ ከዚያ መድኃኒቱን ይሸጣል።

ዋጋውን የከፈሉት ሴቶቹ ናቸው። በ1920ዎቹ በአሜሪካ የውበት ሳሎኖች ፀጉርን በኤክስሬይ ማስወገድ ተስፋፍቶ ነበር። ሕመም ስለሌለው ብዙዎች ወደዱት፤ ከዓመታት በኋላ ቆዳቸው ጠባሳና ቁስል፣ አንዳንዶቹም ካንሰር አወጡ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የተሸጠው «ኮሬምሉ» የተባለ ቅባት ውስጥ ደግሞ ለአይጥ መርዝነት የሚያገለግለው ታሊየም ነበረበት። ቅባቱ ነርቭ ጎዳ፣ ዓይን አጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው የአሜሪካ የምግብ፣ የመድኃኒትና የመዋቢያ ሕግ እንዲጸድቅ ከገፋፉት ምርቶች አንዱም ይኸው ቅባት ነው።

በየቦታው የሚሰማው መከራከሪያ ንጽሕና ነው። ብብት የሚሸተው ባክቴሪያ ላብን ሲሰብረው ነው፤ ፀጉሩ ጠረኑን ጥቂት ሊይዝ ቢችልም ውሃና ሳሙና ይበቁታል። ደግሞስ ያው ፀጉር ወንድ ላይ ሲሆን ለምን ቆሻሻ አይባልም? ሕክምናም ቢሆን በዚህ በኩል አይደግፍም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ከቀዶ ሕክምና በፊት ፀጉር እንዳይላጭ፣ የግድ መነሳት ካለበትም በመከርከሚያ ብቻ እንዲነሳ መክሯል፤ ምላጭ ቆዳን ስለሚሰነጥቅ ነው። በ2018 ደግሞ ከወሊድ በፊት የብልት አካባቢን እንደ ደንብ መላጨትን እንደማይመክር አስታውቋል። መላጨት ፀጉሩን ያበዛዋል፣ ያወፍረዋል የሚለው እምነትም ስህተት ነው፤ ጫፉ ተቆርጦ ስለሚደነዝዝ የሻከረ ይመስላል እንጂ ስሩ አይለወጥም።

ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሴቶች መብት ተሟጋቾች ፀጉራቸውን አለማንሳትን የተቃውሞ መግለጫ አድርገውታል። የሕዝቡ ዓይን ግን በቀላሉ አይለምድም። አሜሪካዊቷ የፊልም ተዋናይት ጁሊያ ሮበርትስ በ1999 ለንደን ላይ እጇን አንስታ ሰላምታ ስትሰጥ የብብቷ ፀጉር በመታየቱ ጉዳዩ ለዓመታት የጋዜጣ ወሬ ሆነ። ስዊድናዊቷ ሞዴል አርቪዳ ቢስትሮም በ2017 ያልተላጨ እግሯ በሚታይበት ማስታወቂያ ላይ በመውጣቷ በኢንተርኔት እስከ መደፈር ዛቻ ደርሶባታል። እንግሊዛዊቷ ሃርናም ካውር ከልጅነቷ ጀምሮ በሚበቅለው ጺሟ ስትሰደብ ኖራ ማንሳቱን ተወችው፤ በኋላም ሙሉ ጺም ያላት በዕድሜ ትንሿ ሴት ተብላ በጊነስ ተመዘገበች። ፀጉር ማንሳት የመረጠችም ሴት ልትወቀስ አይገባም፤ የሚያስቆጣው ምርጫዋ ሳይሆን ዛቻውና ስድቡ ነው።

የካውር ጺም መነሻ የብዙዎችም ነው። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የተባለው የሆርሞን መዛባት፣ እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት፣ በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች ከ6 እስከ 13 በመቶ የሚሆኑትን ይይዛል፤ አብዛኞቹም አያውቁትም። ምልክቶቹ የወር አበባ መዛባት፣ ብጉርና በአገጭ፣ በደረትና በእምብርት በታች የሚበዛ ፀጉር ናቸው። ሐኪሞች ብዛቱን የሚለኩት ፌሪማንና ጋልወይ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1961 ባወጡት፣ በኋላም በተሻሻለው መለኪያ ሲሆን፣ 9 የሰውነት ክፍሎች እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣቸዋል። «በዛ» የሚባልበት ነጥብ ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል። እፍረቱ ብዙዎችን ከክሊኒክ ያርቃቸዋል፤ ተደብቀው በወረንጦ እየነጩ ዓመታት ያልፋሉ። ሌዘር የሚፈልጉትም ቢሆኑ መሣሪያው ለቆዳቸው ቀለም የሚስማማ መሆኑን መጠየቅ አለባቸው፤ ጨረሩ የሚያነጣጥረው ጥቁር ቀለም ላይ ስለሆነ ጠቆር ያለ ቆዳን ሊያቃጥል ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቆዳ 1064 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ሌዘር የተሻለ ነው። ፀጉሩ በጥቂት ወራት ውስጥ በድንገት ከበዛ፣ ድምፅ ከጎረነነና የወር አበባ ከቀረ ደግሞ የእንቁላል እጢ ወይም ከኩላሊት በላይ ያለው እጢ ላይ ዕባጭ ሊኖር ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ ሆርሞንን መመርመር ያስፈልጋል።