የስፖርት ማዘውተሪያ ድጋፍና የኪራይ ውል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የሕዝብ ገንዘብ የሚያስተዳድሩ ተቋማት ለሜዳ፣ ለመልበሻ ክፍል ወይም ለመብራት ግንባታ ድጋፍ ከመስጠታቸው በፊት ክለቡ በቦታው ላይ ያለውን መብት ይመረምራሉ። ብዙ ክለቦች ግን ንድፉንና የወጪ ግምቱን ጨርሰው፣ የማመልከቻው ቀነ ገደብ ሲቃረብ ነው የኪራይ ውላቸውን የሚያነቡት። ለዚህ መዘግየት ምክንያት ከሚሆኑት እምነቶች ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

«ሜዳውን ለረጅም ዘመን ስለተጠቀምንበት የሚያሰጋን ነገር የለም።»

ገንዘብ ሰጪው የሚቆጥረው ያለፈውን ሳይሆን የቀረውን ዘመን ነው። ከ14 ዓመት በፊት የተፈረመ የ20 ዓመት ውል ዛሬ 6 ዓመት ብቻ ይቀረዋል፤ ግንባታው አንድ ዓመት ከፈጀ ደግሞ ሜዳው አገልግሎት ሲጀምር ቀሪው 5 ዓመት ይሆናል። የሰው ሠራሽ ሣር ምንጣፍ 10 ዓመት ገደማ የሚያገለግል ሲሆን፣ ከሥሩ ያለው መሠረትና የመልበሻ ሕንፃው ከዚያ በላይ ይቆያሉ። የሚጠየቀው ገንዘብ በጨመረ ቁጥር የሚፈለገው የኪራይ ዘመንም የሚረዝመው በዚህ ምክንያት ነው።

«ውሉ የ25 ዓመት ከሆነ ይበቃል።»

በእኔ እምነት ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ነው። በውሉ መካከል «አከራዩ የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ማቋረጥ ይችላል» የሚል አንድ መስመር ካለ፣ ክለቡ በእርግጠኝነት በእጁ ያለው ስድስት ወር ብቻ ነው፤ የገንዘብ ሰጪው የሕግ ባለሙያም ውሉን የሚያነበው በዚሁ መንገድ ነው። አንቀጹ እንዲሰረዝ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ አከራዩ እምቢ ካለ ደግሞ መብቱ ተከራዩ ግዴታውን ባልተወጣበት ጊዜ ብቻ እንዲሠራ፣ ወይም የድጋፉ ግዴታ እስኪያበቃ ድረስ እንዲታገድ መደራደር ይቻላል።

«የሰነዱ ርእስ መብታችንን ይወስነዋል።»

ክለቡ ሜዳውን ለብቻው የመያዝ መብት ከሌለው፣ ከፈቃድ (ቦታውን ለመጠቀም ብቻ ከሚያስችል ስምምነት) ያላለፈ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ለትልቅ ድጋፍ አያበቃም። ሆኖም ወሳኙ የውሉ ይዘት እንጂ ስሙ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1957 የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የአንድ ሜዳ ቴኒስ ክለብን ሰነድ መርምሮ፣ «ፈቃድ» ተብሎ የተጻፈው ስምምነት በእርግጥ ኪራይ መሆኑን ወስኗል። ፍርድ ቤቱ ካመዛዘናቸው ነገሮች አንዱ ባለቤቱ ለቁጥጥር እንዲገባ የሚፈቅደው አንቀጽ ነበር፤ ሜዳው በክለቡ ይዞታ ሥር ባይሆን ኖሮ እንዲህ ያለ አንቀጽ ባላስፈለገ ነበር። ስለዚህ በርእሱ ተስፋ ከመቁረጥም ሆነ ከመዘናጋት በፊት ውሉን በሙሉ ለሕግ ባለሙያ ማሳየት ይገባል።

«ከንቲባው ወይም የመምሪያ ኃላፊው ቃል ስለገባልን ፊርማው በቅርቡ ይደርሳል።»

የመንግሥት አካል ንብረቱን እንደ ግለሰብ እንደፈለገ አያከራይም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ፣ ምክር ቤቶች ክፍት የመዝናኛ ቦታን በረጅም ኪራይ ከመስጠታቸው በፊት ለሁለት ተከታታይ ሳምንታት በአካባቢው ጋዜጣ እንዲያስታውቁና የሚቀርቡ ተቃውሞዎችን እንዲመለከቱ ያዛል። በሌሎች አገሮች ሥርዓቱ ቢለያይም ውሳኔው በስብሰባ፣ በማስታወቂያና በሕግ ክፍል በኩል ማለፉ የተለመደ በመሆኑ፣ ወራት ሊፈጅ እንደሚችል ማሰብ ያስፈልጋል።

«ሊቀ መንበሩ በክለቡ ስም ከፈረመ ጉዳዩ አለቀ።»

ያልተመዘገበ ማኅበር በብዙ አገሮች የሕግ ሰውነት የለውም፤ ውሉም በክለቡ ስም ሳይሆን በባለአደራዎች፣ ማለትም ለአባላቱ ሲሉ መብቱን በስማቸው በሚይዙ ሰዎች ስም ይያዛል። ከባለአደራዎቹ አንዱ ከሞተ ወይም ከክለቡ ከለቀቀ በኋላ ሰነዱ ካልታደሰ፣ አመልካቹና ተከራዩ አንድ መሆናቸውን ማሳየት አስቸጋሪ ይሆናል።

«ኪራዩ ካለን ለመገንባት ሌላ ፈቃድ አያስፈልገንም።»

ያስፈልጋል። የአከራዩ የጽሑፍ ስምምነትና የግንባታ ፈቃድ የተለያዩ ሰነዶች ናቸው፤ አንዱም ሌላውን አይተካም።

«ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ውሉ የእኛና የአከራዩ ጉዳይ ብቻ ነው።»

የድጋፍ ስምምነቶች ብዙውን ጊዜ ማዘውተሪያው ለተወሰኑ ዓመታት ለታቀደለት ዓላማ እንዲውል ያስገድዳሉ። ክለቡ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቦታውን ቢለቅ ወይም ያለ ፈቃድ ለሌላ ቢያስተላልፍ፣ ገንዘቡን በሙሉ ወይም በከፊል እንዲመልስ ሊጠየቅ ይችላል። በዚህም ምክንያት አንዳንድ ገንዘብ ሰጪዎች አከራዩ ራሱ በድጋፍ ስምምነቱ ላይ እንዲፈርም ይጠይቃሉ፤ ክለቡም ይህን ለአከራዩ ማስታወቅ ያለበት በኪራዩ ድርድር ወቅት ነው።