ርቀትን ለ900 በማካፈል የበረራ ሰዓት አይገኝም

"አውሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ስለሚበር ርቀቱን ለ900 ማካፈል በቂ ነው" የሚለው ስሌት መተው አለበት። በዚህ ስሌት ተማምነው የቀጣይ በረራ ትኬት ለብቻው ቆርጠው በረራው የሚያመልጣቸው ብዙ ናቸው።

ከኒው ዮርክ ለንደን በአጭሩ መንገድ 5,540 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለ900 ሲካፈል 6 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ይመጣል። 900 ግን አውሮፕላኑ በዙሪያው ካለው አየር አንጻር ያለው ፍጥነት ነው፤ አየሩም ራሱ ይጓዛል። ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ጄት ስትሪም በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ቀዝቃዛ ወራት በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። በ150 ብቻ እናስላው። ወደ ለንደን ነፋሱ ከኋላ ስለሚገፋ ከመሬት አንጻር ፍጥነቱ 1,050 ይሆናል፤ 5 ሰዓት ከ17 ደቂቃ። በመልሱ ወደ 750 ይወርዳል፤ 7 ሰዓት ከ23 ደቂቃ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 አንድ ቦይንግ 747 ከኒው ዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገብቷል።

"በአንዱ ጉዞ የጠፋው በሌላው ይካካሳል" ማለትም ስህተት ነው። ደርሶ መልሱ ያለ ነፋስ 12 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ሲፈጅ፣ በነፋሱ 12 ሰዓት ከ40 ይሆናል፤ አውሮፕላኑ ከሚያግዘው ይልቅ ከሚቃወመው ነፋስ ጋር ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ። አብራሪዎች ወደ ምዕራብ ሲበሩ ነፋሱን ለመሸሽ ዞር ብለው የሚሄዱትም ለዚህ ነው።

በዚህ ላይ መሬት ላይ የሚያልፈው ጊዜ አለ። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት አውሮፕላኑ ከመቆሚያው ከተነሣበት አንሥቶ መድረሻው መቆሚያ ላይ እስኪቆም ያለውን ይይዛል። ከ10,000 ጫማ በታች ፍጥነቱ ብዙውን ጊዜ በ250 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 463 ኪሎ ሜትር ይገደባል። ለመንደርደሪያ ሜዳ ወረፋ፣ ለመውጣትና ለመውረድ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ጨምሩ።

"ምድር ስለምትሽከረከር ወደ ምዕራብ መብረር ይፈጥናል"፦ አይፈጥንም። አየሩም አብሮ ይሽከረከራል።

"ካርታ ላይ ቀጥ ያለው መስመር አጭሩ ነው"፦ ጠፍጣፋ ካርታ ወደ ዋልታዎቹ ሲጠጋ ይለጠጣል። አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ ምድር ወገብ ላይ 111 ኪሎ ሜትር ሲሆን 60ኛው ዲግሪ ኬክሮስ ላይ 56 ያህል ነው። ሉል ላይ ከቶኪዮ ኒው ዮርክ ክር ወጥራችሁ እዩ፤ በአላስካ በኩል ያልፋል።

"3,000 ማይል ያው 3,000 ማይል ነው"፦ የአብራሪው ማይል 1.852፣ የመንገዱ ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር ነው። በ3,000 ላይ ልዩነቱ ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

የመነሻውን ሰዓት ከመድረሻው መቀነስም አያዋጣም፤ ሁለቱም የየአገሩ ሰዓት ናቸው። ከኒው ዮርክ 20:00 ተነሥቶ በማግስቱ 08:00 ለንደን የሚደርስ በረራ የፈጀው 12 ሳይሆን 7 ሰዓት ነው። ሁለቱ አገሮች በየዓመቱ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደፊት የሚያዞሩበት ቀን ስለማይገጥም፣ በማርች ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት የ5 ሰዓቱ ልዩነት 4 ይሆናል። ሁለቱንም ወደ ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት) ቀይሩና ቀንሱ።